«ፖዘቲቭ» ብሎ ያቆመ ወረቀት

የረመዳን ወር የአንድ ገበታ ወር ነው። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ቴምሩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሾርባው ይቀዳል፤ ሳምቡሳው ይቀርባል፤ ጎረቤት ይጠራል። በአንዳንድ ቤት ግን በዚሁ ገበታ ዳር ብርጭቆው የተለየለት፣ ሳህኑ ለብቻው የሚታጠብለት ሰው አለ። አንዳንዱ ደግሞ ቤተሰቡ ሳይለየው ራሱን የለየ ነው። ምክንያቱን ስትጠይቁ «የጉበት ቫይረስ አለበት ተብሏል» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። መቼ ተባለ? ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከአምስት ዓመት በፊት። ከዚያ ወዲህስ ምን ምርመራ ተደረገ? ምንም።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር በዚህ «ምንም» ላይ ነው። በሄፓታይተስ ቢ የተያዘን ሰው የሚጎዳው ቫይረሱ ብቻ አይደለም። «ፖዘቲቭ» ብሎ ያቆመ አንድ ወረቀትም ይጎዳዋል። ያ ወረቀት ቫይረሱ እንዳለ ይናገራል እንጂ ጉበቱ ተጎድቶ እንደሆነ፣ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ፣ አደጋው ቅርብ ይሁን ሩቅ አይናገርም። እነዚህን የሚናገሩ ሌሎች የደም ምርመራዎች አሉ፤ ዋና ዋናዎቹም በአገራችን ይሠራሉ። ስለዚህ ቤተሰብ «አለበት ወይስ የለበትም?» ብሎ ማቆም የለበትም። «አሁን በምን ደረጃ ላይ ነው? ቀጣዩ ምርመራ መቼ ነው?» ብሎ መቀጠል ይገባዋል።

ነገሩ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ሥር ከሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ጋር፣ 50 ሚሊዮን ደግሞ ከሄፓታይተስ ሲ ጋር ይኖሩ ነበር። በዚያው ዓመት ሁለቱ ቫይረሶች 1.3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ገድለዋል። ሪፖርቱ የዓለምን ሸክም ሁለት ሦስተኛ ገደማ ተሸክመዋል ብሎ ከዘረዘራቸው አሥር አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ሄፓታይተስ ቢ ካለባቸው የዓለም ሰዎች መካከል መያዛቸውን ያወቁት 13 ከመቶ ብቻ፣ መድኃኒት ያገኙት ደግሞ 3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውንም ይገልጻል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት ሊታሰብበት ይገባል። መያዙን ያወቀ ሁሉ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ማን እንደሚያስፈልገውና ማን እንደማያስፈልገው የሚለየው ግን ተከታታይ የደም ምርመራ ብቻ ነው።

ስሙ ያሳሳተን በሽታ

ግራ መጋባታችን ከስሙ ይጀምራል። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» እንላለን። በዚህ አንድ ስም ሥር ግን ብዙ የተለያዩ በሽታዎች ተጠቃለዋል። ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ በተበከለ ውኃና ምግብ ይተላለፋሉ፤ ዓይንን ቢጫ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ አብዛኛው ሰው ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ይድናል። ሄፓታይተስ ቢ የተለየ ነው። በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ሥር ሲሰድ ደግሞ ለዓመታት ዓይንን ሳያቀላ፣ ሰውን ሳይጥል በዝምታ ይቀመጣል።

ከዚህ ሁለት ስሕተቶች ይወለዳሉ። አንደኛው «ዓይኔ ቢጫ ካልሆነ ደህና ነኝ» የሚለው ነው። ዓይን ቢጫ እስኪሆን የሚጠብቅ የሄፓታይተስ ቢ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ጉበቱ ከጠባሳ ብዛት ሥራውን መወጣት ካቃተው በኋላ ነው። ሁለተኛው የብርጭቆው ስሕተት ነው። ሄፓታይተስ ቢ አብሮ በመብላት፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት፣ በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ ወይም ጡት በማጥባት አይተላለፍም። መለየት ያለበት ምላጩ፣ የጥርስ ብሩሹ፣ ጥፍር መቁረጫውና መርፌው ነው። ከአንድ ሳህን አብሮ ያፈጠረ ሰው በዚህ ምክንያት አይያዝም። በዚህ ወር ገበታው ዳር የተገፋ ወንድም ወይም እህት ካለ ወደ መሐል ይመለስ፤ ይህን ለማድረግ ምንም ምርመራ መጠበቅ አያስፈልግም።

በጉዞ ምርመራ የተገኘ፣ በመሳቢያ የተደበቀ

ለብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ይህ ወረቀት የሚመጣው ከሐኪም ቤት አይደለም፤ ለዓረብ አገር ሥራ ከሚደረግ የጤና ምርመራ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚገቡ ሰዎችን ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ያስመረምራሉ፤ ውጤቱ ፖዘቲቭ የሆነበትንም ብቁ አይደለም ይላሉ። የተበደረው ገንዘብ፣ የተሸጠው ከብት፣ ቤተሰቡ የጣለው ተስፋ ሁሉ በአንድ ማኅተም ይቆማል። ቤተሰቡ የሚያዝነው ለጉዞው ነው። ወረቀቱ ወደ መሳቢያ ይገባል፤ ልጅቱም ልጁም ስለ እሱ እንዲነሣባቸው አይፈልጉም። ጉዞው ቀረ፤ ቫይረሱ ግን አብሮ ቀረ።

ያ ምርመራ የተሠራው ለቪዛ እንጂ ለታማሚው አይደለም። የሚፈልገው ኤችቢኤስኤጂ የሚባለውን፣ ከቫይረሱ ሽፋን የሚገኘውን ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን በደም ውስጥ ያገኘው አሜሪካዊው ሐኪም ባሩክ ብሉምበርግ በ1976 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል፤ የዓለም የሄፓታይተስ ቀንም በልደቱ ቀን፣ ሐምሌ 28 እ.ኤ.አ. ይከበራል። ምርመራው ትልቅ ነገር ነው፤ ግን የመጀመሪያው በር ብቻ ነው። ፕሮቲኑ ከስድስት ወር በላይ በደም ውስጥ ከቆየ በሽታው ሥር ሰዷል ይባላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ማድረግ የሚገባው ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ መመርመር ነው። በአዋቂነቱ ከተያዘ ሰው ቫይረሱ ሥር የሚሰድበት ከ5 ከመቶ በታች ነው። በወሊድ ጊዜ ከተያዙ ሕፃናት ግን 90 ከመቶ ያህሉ ተሸክመውት ያድጋሉ።

የሄፓታይተስ ሲ ወረቀት ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። የተለመደው ምርመራ የሚያገኘው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ እሱም ቫይረሱ ከጠፋ በኋላ ይቆያል። ስለዚህ «ፖዘቲቭ» የተባለ ሰው አሁን ቫይረሱ ላይኖርበት ይችላል። የቫይረሱን ዘረ መል የሚፈልግ ሁለተኛ ምርመራ ሳይደረግ «ሄፓታይተስ ሲ አለብህ» ማለት አይቻልም። ካለም ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰድ እንክብል ከ95 ከመቶ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። ሊድን የሚችልን በሽታ በመሳቢያ ደብቆ ማስቀመጥ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ጎተራው፣ እህሉና አይጡ

ከ«ፖዘቲቭ» ቀጥሎ ያሉትን ምርመራዎች ለመረዳት ጉበትን እንደ ጎተራ እንመልከተው። በጎተራው ውስጥ አይጥ ገብቷል። ባለቤቱ ማወቅ ያለበት ሦስት ነገር ነው። አይጡ ምን ያህል ነው? እህል ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው? የጎተራው ግድግዳስ በምን ሁኔታ ላይ ነው?

የአይጡን ብዛት የሚናገረው ቫይራል ሎድ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን ይለካል። የሚፈሰውን እህል የሚናገረው ኤኤልቲ ነው፤ አንዳንድ ላቦራቶሪ ኤስጂፒቲ ብሎ ይጽፈዋል። ኤኤልቲ ቦታው በጉበት ሴል ውስጥ የሆነ ኤንዛይም ነው። በደም ውስጥ ሲበዛ ሴሎቹ እየተጎዱ መሆናቸውን ያሳያል። የግድግዳውን ሁኔታ ለማወቅ ደግሞ ኤኤስቲ ከሚባለው ሌላ ኤንዛይምና ከፕላትሌት ቁጥር የሚሰላ መለኪያ አለ፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

አሁን አንዱ ወረቀት ብቻውን ለምን እንደሚያሳስት ማየት ይቻላል። ወጣት ሰው በደሙ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ቫይረስ እያለ ኤኤልቲው ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ሰውነቱ ገና ከቫይረሱ ጋር ውጊያ አልጀመረም። ከዓመታት በኋላ ውጊያው ሲጀመር እህሉ መፍሰስ ይጀምራል። ይህን የሚያገኘው በየጊዜው የተመረመረ ሰው ነው። በሌላ በኩል ጉበቱ በጠባሳ የተሞላ ሰው ኤኤልቲው ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ከባዶ ጎተራ የሚፈስ እህል የለምና። ሁለቱ ሰዎች በእጃቸው የያዙት ወረቀት ተመሳሳይ «ኖርማል» የሚል ነው፤ አንዱ በመንገዱ መጀመሪያ፣ ሌላው በመጨረሻው ላይ ነው።

«ኖርማል» የሚለው ቃል ራሱ ጥያቄ አለበት። ብዙ የላቦራቶሪ ወረቀቶች የኤኤልቲን የላይኛ ወሰን 40 ወይም ከዚያ በላይ አድርገው ያትማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የ2024 መመሪያ ግን ለወንዶች 30፣ ለሴቶች 19 ብሎታል። 28 የሆነ ውጤት ይዛ «ደህና ነሽ» የተባለች እናት በአዲሱ መለኪያ ከወሰኑ በላይ ናት። ስለዚህ ወረቀት ስትቀበሉ ቁጥሩን እንጂ ከጎኑ የተሰመረውን ምልክት ብቻ አትመልከቱ።

ኤችቢኢኤጂ የሚባል ሌላ ምልክትም አለ። ፖዘቲቭ ሲሆን ቫይረሱ በብዛት እየተባዛ መሆኑን ያመለክታል። ወደ ኔጌቲቭ ሲለወጥ ብዙ ጊዜ ቫይረሱ ጋብ ማለቱን ያሳያል፤ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ይህ ምልክት ኔጌቲቭ ሆኖ ቫይረሱ ጉበትን የሚጎዳባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። እዚህም ላይ አንዱ ወረቀት ሌላውን ሳይሰማ አይፈርድም።

በሁለት ርካሽ ምርመራ የሚሰላ ቁጥር

ብዙ ሰው «ቫይራል ሎድ ውድ ነው፤ አልችለውም» ብሎ ሁሉንም ይተዋል። ቅሬታው እውነት አለው፤ መደምደሚያው ግን ትክክል አይደለም። የጎተራውን ግድግዳ ለመገመት በአብዛኛው ሆስፒታልና መካከለኛ ክሊኒክ የሚሠሩ ሁለት ምርመራዎች ይበቃሉ፤ ኤኤስቲ እና ሲቢሲ በሚባለው የደም ቆጠራ ውስጥ የሚገኘው ፕላትሌት። ጉበት በጠባሳ ሲጠነክር ደም ወደ ጣፊያ ይገፋል፤ ጣፊያ ያብጥና ፕላትሌትን ይይዛል፤ ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው ቁጥር ይቀንሳል። ኤፒአርአይ የሚባለው ስሌት በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ስሌቱ ይህ ነው። የእናንተን ኤኤስቲ ለላቦራቶሪው የላይኛ ወሰን ታካፍላላችሁ፤ በ100 ታበዛላችሁ፤ በሺህ የተቆጠረውን የፕላትሌት ቁጥር ታካፍሉበታላችሁ። ለምሳሌ ኤኤስቲ 60፣ የላይኛው ወሰን 40፣ ፕላትሌት 120 ሺህ ቢሆን፤ 60 ለ40 ሲካፈል 1.5 ይሆናል፤ በ100 ሲበዛ 150፤ ለ120 ሲካፈል 1.25። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 መመሪያው ከ0.5 በላይ የሆነ አዋቂ ሰው ጉልህ ጠባሳ እንዳለበት ተገምቶ መድኃኒት እንዲጀምር ይመክራል፤ ከ1 በላይ ከሆነ ደግሞ ጉበቱ ወደ ሲሮሲስ ሳይደርስ አይቀርም ይላል። በምሳሌያችን ያለው ሰው ቫይራል ሎድ እስኪገኝ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለበትም።

ይህ ቁጥር ዝም ብሎ አልወረደም። በ2015 የወጣው የድርጅቱ መመሪያ ለሲሮሲስ ወሰኑን 2 አድርጎት ነበር። ከአፍሪካ አገሮች የተሰበሰቡ መረጃዎች፣ የኢትዮጵያ ሕሙማን ጭምር፣ በዚያ ወሰን ብዙ የታመሙ ሰዎች እንደሚታለፉ አሳይተዋል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎችን ያቀፈ የሄፓታይተስ ቢ ክትትልና ሕክምና ተካሂዷል። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ክትትሉ በዚህ አገር ሊሠራ ይችላል፤ ከሞቱት መካከል ግን ብዙዎቹ ጉበታቸው ከደከመ በኋላ ዘግይተው የመጡ ነበሩ። ቀድሞ መምጣት እዚህ ላይ የምክር ማሳመሪያ አይደለም፤ የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው።

መመሪያው ሌሎች በሮችንም ከፍቷል። ቫይራል ሎዱ ከ2,000 በላይ ሆኖ ኤኤልቲው ከወሰኑ ያለፈ፣ ኤችአይቪ ወይም ሄፓታይተስ ሲ አብሮ ያለበት፣ በቤተሰቡ የጉበት ካንሰር ወይም ሲሮሲስ የነበረ፣ ስኳር በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒት እንዲጀምር ይመክራል። ቫይራል ሎድ በማይገኝበት ቦታ ኤኤልቲው በተደጋጋሚ ከወሰን በላይ ሆኖ ከታየም በዚያው መጀመር ይቻላል። «አባትህ በምን ሞተ?» የሚለው የሐኪም ጥያቄ እንግዲህ ሕክምናውን የሚወስን ጥያቄ ነው። «ሆዱ አብጦ ሞተ» የተባለ አባት ወይም አጎት ካለ ይነገር።

ከክኒኑ በፊት የሚመጡ ሻጮች

ዋናው መድኃኒት ቴኖፎቪር በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን ነው። ቫይረሱን ያስተኛል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ፈጽሞ አያጠፋውም። ይህን እውነት ሐኪሙ ሲናገር ሰው ቅር ይለዋል፤ «እኔ አጠፋዋለሁ» የሚል የባህል መድኃኒት ሻጭም በዚህ ቀዳዳ ይገባል። ወረቀቱን ወደ ኔጌቲቭ አስለውጠው እንደገና ለዓረብ አገር መሞከር የሚፈልጉ ወጣቶች ዋና ደንበኞቹ ናቸው።

የሻጩ ማስረጃ ብዙ ጊዜ ሁለት ወረቀት ነው፤ ከመድኃኒቱ በፊት ከፍ ያለ ኤኤልቲ፣ ከመድኃኒቱ በኋላ ዝቅ ያለ ኤኤልቲ። ነገር ግን በሄፓታይተስ ቢ ውስጥ ኤኤልቲ ምንም ሳይደረግለት በራሱ ከፍ ይላል፤ በራሱም ዝቅ ይላል። ዛሬ ተነሥቶ ከሦስት ወር በኋላ የወረደ ቁጥር ስለ ቅጠሉ ምንም አይመሰክርም። በሄፓታይተስ ኤ የታመመም እንዲሁ ቅጠል ጠጣም አልጠጣም በሳምንታት ውስጥ ዓይኑ ይጠራል፤ ምስጋናው ግን ለቅጠሉ ይሆናል። «አዳንኩ» የሚል ሰው ሲመጣ ጥያቄው አንድ ይሁን። ኤችቢኤስኤጂ ጠፍቷል? ቫይራል ሎዱ ስንት ሆነ? መልስ ከሌለ ገንዘባችሁን ለምርመራው አውሉት። ማርና ጥቁር አዝሙድ በቤታችን የተከበሩ ናቸው፤ እንደ ምግብ ይቀጥሉ፤ የምርመራውን ቦታ ግን አይውሰዱ።

ከኢፍጣር በኋላ እስከ ሱሁር ስለሚዘረጋው የጫት ጨዋታም መናገር ያስፈልጋል። በሐረር የተካሄደና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት መቃም ከሥር ሰደድ የጉበት በሽታ ጋር መያያዙን አሳይቷል። ጉበቱ በቫይረስ ለተያዘ ሰው ሁለተኛ ሸክም መጨመር ምን ይጠቅማል?

ፆሙና ምርመራው

በዚህ ወር የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ። ኤኤልቲ፣ ኤኤስቲ፣ ፕላትሌትና ቫይራል ሎድ በባዶ ሆድ መሆን አይጠይቁም፤ ከኢፍጣር በኋላም በቀንም ሊሠሩ ይችላሉ። ለምርመራ የሚወሰድ ጥቂት ደም ፆምን እንደማያፈርስ ብዙኃኑ ዑለማዎች ያስተምራሉ፤ የሚጠራጠር ሰው ኢማሙን ይጠይቅ፤ ወይም ማታ ይሂድ። ክኒኑ በቀን አንዴ ስለሆነ በኢፍጣር ወይም በሱሁር ሰዓት ሊወሰድ ይችላል። የተመደበውን ሰዓት ከሐኪም ጋር ማስተካከል ቀላል ነው፤ «ለረመዳን ላቁመው» ማለት ግን አደገኛ ነው። ቴኖፎቪር በድንገት ሲቆም የተኛው ቫይረስ ተነሥቶ ጉበትን በብርቱ ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎች የኩላሊታቸውን ሁኔታ የሚያሳየውን ክሬአቲኒንም በየጊዜው ማስለካት አለባቸው።

ጉበቱ ያልደከመ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ አብዛኛውን ጊዜ መፆም ይችላል። ሆዱ ውኃ የቋጠረ፣ ደም ያስመለሰ ወይም ንቃቱ የሚደበዝዝ ሰው ግን የተለየ ነው። እንዲህ ያለ ጉበት ስኳር የማከማቸት አቅሙ ስለሚመነምን ረጅም ሰዓት ሳይበላ የቆየ አካል የራሱን ጡንቻ ማቃጠል ይጀምራል። ቁርኣን ለታመመ ሰው ያደረገው ማቅለል ለዚህ ሰው ነው። የታመሙ አባቶችንና እናቶችን «ዘንድሮ አትፁሙ» ማለት ልጆችን ይከብዳቸዋል፤ የደም ውጤቱን ይዞ ሐኪሙንና ኢማሙን ማነጋገር ግን ሸክሙን ያቀላል።

አንድ ሰው ሲገኝበት ቤቱ ሁሉ ይመርመር

ሄፓታይተስ ቢ የቤተሰብ በሽታ ነው፤ ስለዚህ ምርመራውም የቤተሰብ ይሁን። በአንድ ልጅ ላይ ሲገኝ እናት፣ አባት፣ ወንድምና እህት፣ የትዳር ጓደኛና ልጆች ይመርመሩ። ቫይረሱም መከላከያውም የሌለው ሰው ሦስት ዙር ክትባት ይውሰድ፤ ከክትባቱ በኋላ የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተጠብቋል። በአገራችን ክትባቱ በመደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዱ አብዛኞቹ አላገኙትም።

ከዒድ በኋላ ሠርግ ይበዛል፤ ከሠርግ በፊትም ምርመራ ይጠየቃል። በአንዱ ላይ ሄፓታይተስ ቢ ሲገኝ ኒካሑን ማፍረስ እንደ ብቸኛ መፍትሔ ይታያል። አይደለም። ያልተያዘው ወገን ክትባቱን ጨርሶ መከላከያው እስኪረጋገጥ ድረስ ጥንቃቄ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ትዳሩ እንደማንኛውም ትዳር ነው። ስታረግዝ ደግሞ ቫይራል ሎዷ ከ200,000 በላይ የሆነ ወይም ኤችቢኢኤጂ የተገኘባት እናት በእርግዝናዋ ወቅት ቴኖፎቪር ትወስዳለች፤ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ክትባት እንዲያገኝ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። በዚህ መንገድ ሰንሰለቱ በአንድ ትውልድ ሊበጠስ ይችላል።

«ምልክት የለኝም፤ ሁሉም በአላህ እጅ ነው፤ ለምን በየስድስት ወሩ እከፍላለሁ?» የሚል አለ። ሁሉም በአላህ እጅ መሆኑ ሰበብ ማድረስን አይከለክልም፤ ግመሉን ሳያስር የሚሄድ ነጋዴ የለም። የጉበት ካንሰር ደግሞ በመጀመሪያው ደረጃ ምንም አያሳምም። ሲሮሲስ ያለበት ወይም በቤተሰቡ የጉበት ካንሰር የነበረ ሰው በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድና ኤኤፍፒ የሚባለውን የደም ምርመራ እንዲያደርግ የሚመከረው ለዚህ ነው። ምልክትን ጠብቆ የሚመጣ ሰው የሚያድነውን ጊዜ አሳልፏል።

ከማን ምን ይጠበቃል

የቤተሰብ ትጋት ብቻውን አይበቃም። የጉዞ ምርመራ የሚሠሩ ክሊኒኮች ብቁ አይደለም ብለው ሰውን በር ላይ ከመተው ወደ የትኛው ጤና ተቋም መሄድ እንዳለበት የሚገልጽ ወረቀት ሊሰጡት ይገባል። ምርመራውን የከፈለው ተጓዡ ነው፤ ውጤቱም ለሕይወቱ ሊጠቅመው ይገባል። ላቦራቶሪዎች ኤኤስቲ እና ፕላትሌት አንድ ላይ ሲታዘዙ ኤፒአርአይን አስልተው ከታች ቢጽፉ የሚፈጀው ደቂቃ ብቻ ነው። በየሆስፒታሉ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የተተከለው ጂን ኤክስፐርት ማሽን የሄፓታይተስ ቢ ቫይራል ሎድን የሚለካ ካርትሪጅ አለው፤ አዲስ ማሽን ከመግዛት በፊት ያለውን ማሠራት ይቀድማል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም የክትትል ምርመራዎቹን ያለ ክርክር ቢሸፍን ሲሮሲስን ከማከም ይቀልለዋል።

ከእኛስ? በዚህ ወር ሰደቃ የሚሰጥ እጅ ብዙ ነው። አንድ ከረጢት ዱቄት ለሚያስፈልገው ጎረቤት እንደሚደርስ ሁሉ፣ ምርመራውን መክፈል ላቃተው ሰው የላቦራቶሪ ክፍያም ሰደቃ ነው። የመስጂድ ጀመዓ የአንድ ሰው ቫይራል ሎድ ቢከፍል ያ ሰው መድኃኒት መጀመር እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ያውቃል። ኢማሞችም ከተራዊህ በኋላ በሚሰጡት አጭር ምክር «የታመመውን ከገበታ አትለዩት» የምትለዋን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩ ብዙ ቤት ይጠገናል።

ቤተሰብ ሊያደርገው የሚችለው የመጀመሪያ ነገር ቀላል ነው። አንድ ደብተር ወይም ፋይል ይዘጋጅ። የተመረመሩበት ቀን፣ ኤኤልቲ፣ ኤኤስቲ፣ ፕላትሌት፣ ካለ ቫይራል ሎድ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ይጻፍበት። ሐኪም ሲቀያየር፣ ከተማ ሲቀየር ደብተሩ አይቀየርም። ሁለተኛው ወረቀት ከመጀመሪያው ጎን፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ጎን ሲቀመጥ ሐኪሙ በሽታው ወዴት እንደሚሄድ ያያል። ወረቀቱ በመሳቢያ ያለ ሰው ይህን ጽሑፍ እያነበበ ከሆነ ዛሬ ያውጣው። ቀኑን ይመልከት፤ ስድስት ወር ካለፈው የሚቀጥለው ጉዞ ወደ ላቦራቶሪ ነው።

አላህ ፆማችሁን ይቀበላችሁ፤ ለታመሙትም ዓፊያን ይስጥ። መልካም የረመዳን ወር!